አዲስ ፒፓ ሲሟሽ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የዳግም መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ውድ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ዛሬም በዚሁ ጊቢ እያስተማራችሁ ያላችሁ ባልደረቦቼ፤



የማኅበሩ ኮሚቴ ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ርዕሱን ራስሽ ምረጪ» ሲለኝ መረጥኩ። ርዕሱን ስነግራቸው ግን ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። «ፒፓ? የሚጨሰው ፒፓ?» አሉኝ። አዎ፣ የሚጨሰው ፒፓ። የአንገት በላይ ሐኪም ሆኜ ስለ ፒፓ አሟሟሽ ላወራ መነሣቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት አሁንም እየሳቃችሁ ነው፤ ሳቁ፣ ችግር የለም። ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ነገሩ የጀመረው በባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ከእኛው አንዱ፣ በውጭ አገር የሚሠራ ሐኪም፣ ገና ከሳጥኑ ያልወጣ የሚያምር ፒፓ ፎቶ ለጠፈና «ዶክተርዬ፣ አንቺ የጉሮሮ ሰው አይደለሽ? ይቺን አዲስ ፒፓ በምን ዓይነት ትምባሆ ላሟሻት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሎቹ በሳቅ ምልክት አጥለቀለቁት። እኔ ግን በቁም ነገር ወሰድኩት። አንድ ሰው አንድን ነገር እንዲተው መምከር የሚፈልግ ሐኪም መጀመሪያ ያ ሰው በነገሩ ውስጥ ምን እንደሚወድ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ተቀምጬ አነበብኩ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያገኘሁትን ነው። ስለዚህ ወዳጃችን የምናገረውን ሁሉ በፈቃዱ ነው የምናገረው፤ ስሙን ግን አታገኙትም።

እንግዲህ ከእንጨቱ ልጀምር።

ጥሩ ፒፓ የሚሠራው ብራየር ከሚባል እንጨት ነው። ቃሉ የመጣው «ብሩየር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው። ዕፁ በሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይበቅላል፤ በኮርሲካ፣ በሰርዲኒያ፣ በካላብሪያ፣ በግሪክ፣ በአልጄሪያ። አሁን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ዕፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አስታ ነው! የጓሳው አስታ፣ አንዳንድ ቦታ ውጨና የሚባለው፣ በባሌ በኩል ሳቶ የሚሉት። ሰሜን ተራሮችን የጎበኘ፣ ከሐረና ጫካ ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ ሁሉ በመካከሉ አልፏል። ሽበት የመሰለ የዛፍ ሽበት የሚንጠለጠልበት፣ ጭጋግ የማይለየው ዛፍ ነው። ደገኛው ይማግደዋል፣ ቤት ይሠራበታል። የዓለም ውድ ፒፓዎች የእርሱ ዘመድ ናቸው ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ፒፓ የሚወጣው ከግንዱ ወይም ከቅርንጫፉ አይደለም። ከግንዱ ግርጌ፣ ከመሬቱ አፍ ላይ፣ ለአሥርት ዓመታት ካበጠ ጉጥ ነው። ያ ጉጥ ለዕፁ ሥራ አለው። እሳት አልፎበት ቅርንጫፉና ቅጠሉ ሁሉ ሲቃጠል፣ አስታው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከእርሱ ነው። በባሌ ከብት ጠባቂዎች ለግጦሽ ብለው በየጊዜው ሲያቃጥሉት፣ ዓመት ሳይቆይ ከግርጌው አረንጓዴ ቡቃያ ሲያወጣ ይታያል። እንግዲህ ፒፓ ሠሪዎች የመረጡት፣ ዕፁ ራሱ ከእሳት ለመትረፍ ያበጀውን የአካል ክፍል ነው። ጉጡን ቆፍረው ያወጡታል፣ ይቆራርጡታል፣ ሬንጁና ታኒኑ እንዲወጣለት ለብዙ ሰዓታት በውኃ ይቀቅሉታል፤ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በጥላ ያደርቁታል። ይህን ሙያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በዓለም ያሳወቀችው በፈረንሳይ የጁራ ተራሮች ውስጥ ያለችው ሴን ክሎድ የምትባል ከተማ ናት። ከዚያ በፊት አውሮፓ የሚያጨሰው በአብዛኛው በሸክላ ፒፓ ነበር፤ ይሰበራል፣ እጅንም ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አዲስ ፒፓ ጥሬ ነው። ለዚህ አማርኛችን የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ማሟሸት። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር ያሟሹታል፤ አዲስ ጀበናም ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም። ዓላማው አንድ ነው። ቀዳዳው ይደፈናል፣ ጥሬ ሽታው ይሄዳል፣ ዕቃውም ከእሳት ጋር ይላመዳል። ፒፓም እንዲሁ ነው። የሳህኑ ውስጥ ግድግዳ በመጀመሪያዎቹ ጭሶች ቀስ በቀስ የከሰል ሽፋን ይለብሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ሲል ይበቃል። ያ ሽፋን እንጨቱን ከፍም ይጠብቀዋል፣ እርጥበትም ይመጥለታል። ሲወፍር ግን ሙቀት በገባ ቁጥር እየተለጠጠ ሳህኑን ሊሰነጥቀው ስለሚችል መፋቅ አለበት።

አሟሟሹ ትዕግሥት ይጠይቃል። የድሮ አጫሾች መጀመሪያ የሳህኑን ሲሶ ብቻ ይሞሉና ለጥቂት ቀን እንዲህ ያጨሳሉ። ቀጥሎ ግማሹን፣ በመጨረሻም ሙሉውን። ምክንያቱም ሽፋኑ ከታች ካልጀመረ ታችኛው እንጨት ጥሬ ይቀራል። ሲሞሉት መጀመሪያ በሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ በሴት እጅ፣ በመጨረሻ በወንድ እጅ ተጫነው ይላሉ። (ቀዶ ሐኪም ሴቶች በዚህ አባባል ላይ አስተያየት አለን፤ ለሌላ ቀን ይቆይልኝ።) አንዴ ይለኩሱታል፣ ትምባሆው ያብጣል፣ ይጫኑታል፣ እንደገና ይለኩሱታል። ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ሳህኑ በእጅ የማይያዝ ያህል ከጋለ ተቸኩሏል ማለት ነው። ከጨረሱም በኋላ ቱቦውን በማጽጃ ጠርገው ፒፓውን ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፉታል።

አሁን ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንምጣ፤ በምን ይሟሻል? እዚህ ላይ ነው ቅይጡ የሚመጣው። ዋና ዋናዎቹ ቅጠሎች እነዚህ ናቸው።

ቨርጂኒያ የሚሉት በጋለ ጎጆ ውስጥ በአንድ ሳምንት ገደማ የሚደርቅ ነው። ሙቀቱ ስኳሩን በቅጠሉ ውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል፤ ቀለሙ ወርቃማ፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። በርሌይ በአየር ብቻ በጥላ ውስጥ ለሳምንታት ተሰቅሎ ይደርቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅጠሉ የራሱን ስኳር ይጨርሰዋል፤ ቡናማ፣ ደረቅ፣ የለውዝ ዓይነት ጣዕም ያለው ይሆናል። ዛሬ የምናውቀው ነጭ በርሌይ እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካ በኦሃዮ የተገኘ ዝርያ ነው። ኦሪየንታል የሚባለው በፀሐይ የሚደርቅ፣ ቅጠሉ ትንሽ፣ ሽታው ቅመም ቅመም የሚል ነው። ላታኪያ ስሙን ከሶርያ ወደብ ያገኘ ሲሆን በሚጨስ እንጨት ላይ የታጠነ ነው፤ እንደ ጭስ ቤት ግድግዳ ይሸታል። ፔሪክ ደግሞ የሉዊዚያና ነው፤ በበርሜል ታምቆ ዓመት ያህል ይብላላል።

ለማሟሸት ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚመርጡት በርሌይን ነው። ስኳር ስለሌለው አያጣብቅም፤ ጠንካራና እኩል የሆነ ከሰል ያለብሳል። ብቻውን ከከበደ ሁለት እጅ በርሌይ፣ አንድ እጅ ቨርጂኒያ ማድረግ ይቻላል። ቅይጡን በተከደነ ማሰሮ ጥቂት ቀናት ማቆየት ነው፤ እርጥበቱ እንዲተካከል። በጣት ቆንጥሮ ጨብጦ መልቀቅ፤ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፣ ቀስ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል። ላታኪያ ለአዲስ ፒፓ አይመከርም፤ ሽታው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ቫኒላና ቼሪ የተቀባው ጣፋጭ ትምባሆም አይመከርም፤ ስኳሩና እርጥበት ጠባቂው ኬሚካል ሳህኑን ያዝጋዋል።

እስካሁን የተናገርኩትን አንድ ፒፓ ሻጭ ቢሰማው «ዶክተሯ በደንብ አጥንታለች» ይል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ ሥራ ነው።

የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪያችሁን አስታውሱ። ኒኮቲን ደካማ ቤዝ ነው፤ ፒኬኤው 8 አካባቢ። ጭሱ አሲዳማ ከሆነ ኒኮቲኑ ቻርጅ ይይዛል፤ ቻርጅ የያዘ ሞለኪውል ደግሞ የአፍን ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። ጭሱ ወደ አልካላይን ካዘነበለ ግን ቻርጁን ይጥልና በጉንጭና በምላስ ሥር በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። በስኳር የበለጸገው የቨርጂኒያ ጭስ አሲዳማ ነው። ስኳር አልባው፣ በአየር የደረቀው የበርሌይና የሲጋር ቅጠል ጭስ ወደ አልካላይን ያዘነብላል።

ይህ ትንሽ የፒኤች ልዩነት የትኛው አካል እንደሚታመም ይወስናል። አሲዳማው ጭስ ጉሮሮን ብዙ አይቆረቁርም፤ ኒኮቲኑን ለማግኘት ግን ወደ ሳንባ መሳብ ግድ ነው። የሲጋራ ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በሰሜን ካሮላይና ስቲቨን የተባለ በባርነት የተያዘ ወጣት የማድረቂያው እሳት ሊጠፋበት ሲል ከሰል ጨምሮበት ቅጠሉ ወርቃማ ሆኖ ወጣ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ የመጣው ለስላሳ ቅጠል ነው በኋላ ሲጋራን ወደ ሳንባ ጥልቀት ያስገባው። አልካላይኑ ጭስ በበኩሉ ጉሮሮን ስለሚያንቅ የፒፓ ሰው በአፉ ይዞ ይመልሰዋል። ሳንባው በከፊል ይተርፋል። አፉ፣ ምላሱ፣ ከንፈሩ፣ ማንቁርቱ ግን ሙሉውን ይቀበላሉ።

ሌላም አለ። በርሌይ በናይትሬት የበለጸገ ቅጠል ነው። በአየር ላይ ለሳምንታት ሲደርቅ በላዩ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ያም ከኒኮቲንና ከዘመዶቹ ጋር ተዋህዶ የትምባሆ ናይትሮሳሚኖችን ይፈጥራል። ኤንኤንኤንና ኤንኤንኬ የሚባሉት ሁለቱ፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ናቸው ብሎ በአንደኛው ምድብ ያስቀመጣቸው ናቸው። ስለዚህ ለአዲስ ፒፓ «በጣም ንጹሑ» ተብሎ የሚመረጠው ቅጠል በናይትሮሳሚን ብዛት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ፒፓውን የሚያምርለት ባሕርይና አፍን የሚጎዳው ባሕርይ ከአንድ የአደራረቅ ዘዴ የሚወጡ ናቸው። ላታኪያን ብትመርጡ ደግሞ ከእንጨት ጭስ የሚመጡትን ፖሊሳይክሊክ ሃይድሮካርቦኖች ትጨምራላችሁ። ለአፍ የሚስማማ ቅይጥ የለም።

ታዲያ «ፒፓ እኮ እንደ ሲጋራ አይደለም» የሚለው እምነት ከየት መጣ? እንዲሁ ከአየር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1795 ሶመሪንግ የተባለው ጀርመናዊ የአናቶሚ ሊቅ የከንፈር ካንሰር በፒፓ አጫሾች ላይ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዝነኛው የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል ሪፖርትም ፒፓ የከንፈር ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጧል። ነገር ግን ያው ሪፖርት የፒፓ አጫሾች አጠቃላይ የሞት መጠን ከማያጨሱት ብዙም እንደማይበልጥ ጻፈ። ሰው የሚወደውን ዓረፍተ ነገር ነው የሚይዘው፤ የከንፈሩ ተረሳ፣ የሞት መጠኑ ተያዘ። በኋላ የመጡት ሰፋፊ ክትትሎች ሥዕሉን አስተካክለውታል። ዛሬ ፒፓ ከከንፈር፣ ከአፍ፣ ከጉሮሮ፣ ከማንቁርት፣ ከምግብ ቧንቧና ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት የሚያከራክር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ፒፓ ብቻ ያጨሰ ሰውና ሲጋራ ትቶ ወደ ፒፓ የዞረ ሰው አንድ አይደሉም። የሲጋራ ሰው ሳንባው መሳብ ለምዷል፤ ፒፓም ሲይዝ መሳቡን አይተውም። የሁለቱንም ጉዳት ደርቦ ይወስዳል። ከሲጋራ ወደ ፒፓ «ወረድኩ» የሚል ታካሚ ሲያጋጥማችሁ መውረዱን አትመኑለት።

እኛ ሐኪሞች ይህን ለመስማት ልዩ ምክንያት አለን። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች መጠይቅ ላኩ፤ ከ34 ሺህ በላይ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታተሉ። ሲጋራ ማጨስ የሚያስከፍለው በአማካይ 10 ዓመት ዕድሜ ነው የሚለውን ያወቅነው ከእነዚያ የሙያ ወንድሞቻችን ሞት ነው። በ40 ዓመቱ ያቆመ ከአሥሩ 9 ያህሉን ይመልሳል፤ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመም 3። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን በነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለን ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ወዳጃችን ልመለስ። እርሱ ሲጋራ ከተወ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ስድስቱንም ዓመት ፒፓ አጭሷል። አዲሷ ሁለተኛዋ ነበረች። ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ፣ የበርሌዩን ቅይጥ ሳይቀር፣ ጽፌ ላክሁለት። ከታች አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «ምላስህን በጨርቅ ይዘህ ወደ ውጭ ሳብና ሁለቱንም ጎኖች ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።» «አንቺ ደግሞ! ታካሚሽ አደረግሽኝ እኮ» አለ። እኔም «ጥያቄህን መልሼልሃለሁ፤ አንተም የእኔን መልስ» አልኩት። በማግስቱ ማታ ላከ።

በግራ በኩል፣ በምላሱ ጎን፣ የጥፍር ያህል ነጭ ሽፋን ነበር። በጨርቅ ሲጠርገው አይለቅም። ፊልሙን አስታውሱ፤ የአፍ ሽፋን ለረጅም ጊዜ ሲቃጠልና ሲቆጣ ራሱን በኬራቲን ያወፍራል። ፒፓው ከሰል ሲለብስ አፍም ነጭ ይለብሳል። ልዩነቱ፣ የፒፓው ሽፋን የሞተ ከሰል ሲሆን የአፍ ሽፋን የሚከፋፈሉ ሴሎች ያሉበት መሆኑ ነው። ሁሉም ሉኮፕላኪያ ካንሰር አይሆንም፤ አብዛኛው አይሆንም። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ግን በጥርጣሬ የሚታይ ቦታ ነው። በሚኖርበት ከተማ ወዳለ ባልደረባ በዚያው ሳምንት እንዲሄድ ነገርኩት። ናሙናው መካከለኛ ዲስፕላዥያ ሆኖ ወጣ። ተቆርጦ ተነሣ፤ ዳሩ ንጹሕ ነበር። አሁን በየሦስት ወሩ ይታያል። ገና ያልተዘጋ ጉዳይ ነው፤ ዲስፕላዥያ ይመለሳል፣ በሌላ ቦታም ሊወጣ ይችላል። ትምባሆ ያገኘው የአፍ ሽፋን ሁሉ አንድ እርሻ ነው፤ ዘሩ የት እንደወደቀ አይታወቅም።

«ለእነርሱ ልንገራቸው?» ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ ይህን ነው፤ «ንገሪያቸው። እኔ ሐኪም ሆኜ ስድስት ዓመት በየቀኑ ጥርሴን ስቦርሽ አላየሁትም በያቸው።»

ስለዚህ እንደ ባልደረባ ጥቂት ነገር ልጠይቃችሁ።

የመጀመሪያው የአጠያየቅ ጉዳይ ነው። በካርዳችን ላይ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብለን ጠይቀን «አይ» ሲሉን እናልፋለን። ፒፓ የሚያጨስ ሰው «አይ» ሲል አልዋሸም። ጋያ የሚስቡ እናት፣ ሱረት የሚወስዱ አባት፣ ሺሻ ቤት የሚያመሽ ወጣት፣ ሁሉም ሲጋራ አያጨሱም። የጋያው ቅል ውስጥ ያለው ውኃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ ጎልማሶች አምስት ያህሉ ናቸው። ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው፤ እንዳያድግ መጠበቅ ግን የእኛም ሥራ ነው። ጥያቄያችን «በማንኛውም መልኩ ትምባሆ ይጠቀማሉ?» ይሁን።

ሁለተኛው አፍ ማየት ነው። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ብርሃን፣ ጓንት፣ አንድ ቁራጭ ጎዝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውጣ። ምላሱን በጎዝ ይዛችሁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፤ ከዚያ ከምላስ ሥር በጣት መዳሰስ። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ የማይጠረግ ነጭ ወይም ቀይ ሽፋን፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ካለ «የአፍ ማጠቢያ ተጠቀም» ተብሎ አይሸኝም። ወደ እኛ ላኩት። እኛ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ዕጢ ካበጠ በኋላ ነው፤ ያኔ የምንቆርጠው ከምላስ በላይ ነው።

ሦስተኛው ለማቆም ለሚፈልግ ሰው ነው። የኒኮቲን ማስቲካ ስትሰጡ አወሳሰዱን ንገሩት። ማስቲካው የሚሠራው ቅድም በተናገርኩት የፒኤች ሕግ ነው፤ በአፍ እንዲገባ አልካላይን ተደርጎ የተሠራ ነው። ቡና ወይም ለስላሳ መጠጥ ጠጥቶ ወዲያው ቢያኝከው አፉ አሲዳማ ስለሚሆን ኒኮቲኑ አይገባም፤ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎም ወደ ትምባሆው ይመለሳል። እንደኛ በቀን ሦስቴ ቡና በሚጠጣበት አገር ይህ ትንሽ ምክር አይደለም። ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቅ፤ ጥቂት አኝኮ ጉንጩ ውስጥ ያሳርፈው፣ እንደገና ያኝከው።

የመጨረሻው ለመምህራኖቻችን ነው፤ በአክብሮት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ዝግ ቦታና በሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ደንግጓል። በፓኮው ላይ ከሚታየው ስፍራ 70 በመቶውን ማስጠንቀቂያ እንዲይዘው አድርጓል። ሕጉ ጠንካራ ነው። ተማሪ ግን ከአዋጅ ይልቅ መምህሩን ያያል። ፒፓ የያዘ ሊቅ ምስል፣ የጢስ ደመና ውስጥ የሚያስብ ሳይንቲስት፣ በብዙ መጻሕፍት ሽፋን ላይ አለ። ፍሮይድን ሲጋር ይዞ ያላየው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1923 በአፉ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶበት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እስከሞተበት እስከ 1939 ድረስ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ ላንቃውን የሚተካ ሰው ሠራሽ አካል፣ የማያቋርጥ ሕመም ነበረው። ያንን ፎቶ ለተማሪዎቻችን ስናሳይ ይህንንም እንንገራቸው።

የአስታው ጉጥ ከእሳት በኋላ እንደገና ያቆጠቁጣል። የሰው ምላስ ጉጥ የለውም። ዛሬ ማታ እራት ላይ ስትገናኙ፣ ከእናንተ ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀም ካለ፣ በማንኛውም መልኩ ይሁን፣ አጠገቡ ያለው ባልደረባው «ምላስህን አሳየኝ» ይበለው። አርባ ሐኪም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ይህን ካላደረገ ማን ያደርገዋል?